ዓርብ ማታ ከመሥሪያ ቤት ሴቶች ጋር፦ የአንድ ምሽት ዝግጅት ማስታወሻ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ዛሬ ቡና ላይ ተወሰነ። የመሥሪያ ቤታችን ሴቶች አንድ ማታ አብረን ልንወጣ ነው። ሁለት ምክንያት አለን። አንዷ ባልደረባችን የወሊድ ፈቃዷን ጨርሳ ወደ ሥራ ተመልሳለች። እቴቴ የምንላቸው የመዝገብ ቤት ኃላፊያችን ደግሞ በዚህ ዓመት ጡረታ ይወጣሉ። ሁለቱንም በአንድ ማታ እናክብር ተባለ። ማዘጋጀቱን እኔ ወሰድኩ።

እንዲህ ያለ ዕቅድ ከዚህ በፊትም ነበረን። «እንውጣ፣ እንውጣ» ይባላል። የቴሌግራም ግሩፑ ይሞቃል። ቀኑ ሲደርስ ግን ግማሹ ይቀራል። አንዷ ልጅ አሞባት፣ ሌላዋ እንግዳ መጥቶባት። የመጡት ሦስት አራት ሰዎች ማኪያቶ ጠጥተው ይለያያሉ። የአሁኑ እንደዚያ እንዲያልቅ አልፈልግም። እቴቴ ሁለት ጊዜ ጡረታ አይወጡም።

ስለዚህ ቦታ ከመምረጤ በፊት ሁሉንም በየተራ ለብቻ አነጋግራለሁ። ግሩፕ ላይ የሚጻፈውና ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚያወሩት አንድ አይደለም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

አሥር ነን። እቴቴ፣ አራሷ (የአራስነት ጊዜዋ ቢያልፍም ስሙ አልለቀቃትም)፣ ገንዘብ ያዥዋ፣ ኦዲተሯ፣ ጸሐፊዋ፣ ዴስክ የምንጋራው ጎረቤቴ፣ ዘንድሮ የተቀጠረችው አዲስ ምሩቅ፣ ቡና የምታፈላልን ልጅ፣ የጽዳት ሠራተኛዋና እኔ። አንዳንዷ «እነሱንም ይጨምራል እንዴ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ይጨምራል። ጠዋት ቢሯችንን ከፍታ የምትጠብቀን፣ በአሥር ሰዓት ቡና የምታቀርብልን ሴት ከሥራ ባልደረባ ምን ጎደላት?

ሁሉንም የጠየቅኳቸው አንድ ጥያቄ ነው። «ባለፈው ለምን ቀረሽ?»

የመለሱልኝ ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ነገር ነው። «እንዴት እመለሳለሁ?»

ጸሐፊዋ ከሦስት ሰዓት በኋላ ወደ ጀሞ የሚሄድ ታክሲ ሰልፉ አያድርስ አለች። ምሩቋ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ብቻዋን ነው የምትኖረው። ከዋናው መንገድ እስከ ብሎኳ ያለው ጨለማ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ሽሮ ሜዳ ናት፤ ማታ ከታክሲ ወርዳ ዳገቱን በእግሯ ትወጣለች። አራሷ ሕፃኑን የምትይዝላት አማቷ ናት፤ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ አታስመሽም። ልጅ አሞኛል፣ እንግዳ መጣ የሚባለው ሰበብ ሁሉ ከሥሩ ይህ አለበት።

ዕቅዱን ከመጨረሻው እጀምራለሁ። መጀመሪያ ማን ከማን ጋር፣ በምን መኪና፣ በስንት ሰዓት ወደ ቤቱ እንደሚገባ ይወሰናል። የት እንደምንበላና ምን እንደምናይ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። ሰዓቱ፣ ሰፈሩ፣ ገንዘቡ፣ ሁሉም ለመመለሻው ይገዛል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

የሰፈር ካርታ ሠራሁ። ወረቀት ላይ ነው፤ ሦስት መስመር ወጣው።

የመጀመሪያው የምሥራቅ መስመር ነው። አራሷ ገርጂ፣ ገንዘብ ያዥዋ ሰሚት፣ ኦዲተሯ ሲኤምሲ፣ እቴቴ አያት፣ ምሩቋ የካ አባዶ። አምስት ሰው። ሁለተኛው እኔ ለቡ፣ ጸሐፊዋና ቡና የምታፈላልን ልጅ ጀሞ። ሦስተኛው ጎረቤቴ ኮልፌ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ሽሮ ሜዳ።

ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ። መጨረሻ የሚወርደው ሰው መኪና ውስጥ ብቻውን ከማያውቀው ሹፌር ጋር አይቀርም። በዚህ ሕግ ሦስቱንም መስመሮች አየኋቸው።

የጀሞው ቀላል ነው። እኔ ለቡ ቀድሜ እወርዳለሁ፤ ሁለቱ ጀሞ አብረው ይወርዳሉ፤ ሰፈራቸው አንድ ነው። የኮልፌዋን ጎረቤቴን ወንድሟ በቪትዝ መኪናው ሊወስዳት ይመጣል። ቀድሞ በሽሮ ሜዳ ዞሮ የጽዳት ሠራተኛዋን በር ላይ ያደርሳል። ዙሩ ረጅም ነው። ወንድምየው ግን ሲጠየቅ «ምን ችግር አለው» ነው ያለው።

ያስቸገረኝ የምሥራቁ ነው። ምሩቋ የመጨረሻዋ ናት፤ ከአያት በኋላ ብቻዋን ትቀራለች። እቴቴ ሲሰሙ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጉት። «እኔ ጋ ታድራለች፤ ጠዋት ቁርስ በልታ ትሄዳለች።» ልጅቷ ትንሽ አፈረች። እቴቴ ግን የጨረሱት ጉዳይ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

መኪና። ለምሥራቁ መስመር ሚኒባስ በኮንትራት መያዝ ያዋጣል። በቀን ሰርቪስ የሚያመላልሰን ሹፌር የራሱ ሚኒባስ አለው። ዓመታት እናውቀዋለን፤ የሁሉንም ቤት በር ሳይቀር ያውቃል። 3,000 ብር ተስማማን። ቀብድ ሰጠሁ። ከሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ጀምሮ ቆሞ ይጠብቀናል።

ለጀሞው በስልክ መተግበሪያ መኪና እንጠራለን። ራይድን የመሠረተችው ሳምራዊት ፍቅሩ ሐሳቡ እንዴት እንደመጣላት ስትጠየቅ፣ ከሥራ አምሽታ ስትወጣ ታክሲ መያዝ ያስፈራት እንደነበር ተናግራለች። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ዛሬ ሁላችንም የምንጠቀምበት አገልግሎት ማታ ወደ ቤቷ መግባት ካስቸገራት አንዲት ሠራተኛ ሴት የመጣ ነው። ኢንተርኔት ቢጠፋም በ8294 ደውሎ መጥራት ይቻላል። ፈረስ የሚባለው አገልግሎትም 6090 አለው። ሁለቱንም ቁጥሮች ለሁሉም ላክሁ። የስልክ ባትሪ መሙያ ፓወር ባንክም ይዘን እንወጣለን። ሞባይሏ የዘጋባት ሴት መኪና መጥራትም «ደረስኩ» ማለትም አትችልም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ቀን። በዚህ ላይ ብዙ ተከራከርን።

ቅዳሜ ለባለትዳሮቹ አይሆንም። ልብስ አጠባው፣ አስቤዛው፣ ለቅሶውና ሠርጉ ያለው ቅዳሜ ነው። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ አሉ። ሐሙስ ጥሩ ነበር፤ ግን በማግስቱ ሥራ አለ። ዓርብ ሲባል ኦርቶዶክሶቹ «ጾም ነው» አሉ።

እኔ ዓርብን የመረጥኩት ጾም ስለሆነ ነው። ምግቡን ሳስብ የመጣልኝ ሐሳብ ነው። ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ የክርስቲያን ሥጋ አትበላም። እቴቴ የእስላም ሥጋ አይበሉም። ሥጋ ቤት ብንሄድ አንድ ገበታ ላይ ሆነን ሁለት ማዕድ መሆናችን ነው። ደግሞ ጾመ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው። ግዴታ ባይሆንም ገንዘብ ያዥዋ በየዓመቱ ትጾመዋለች፤ ከሰኞ እስከ እሑድ የትኛውንም ቀን ብንመርጥ ሥጋ አትበላም። ኦዲተሯ ጴንጤ ናት፣ አትጾምም፤ ሽሮ ግን ትወዳለች። የጾም በያይነቱ ሲቀርብ አሥራችንም ከአንድ ትሪ እንበላለን። ማንም የሚለይ የለም፤ ማንም «ለእኔ ሌላ ይምጣ» አይልም።

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውን ተረት እያነሳች ጸሐፊዋ ቅር ብሏታል። ለእሷ ቅዳሜ ምሳ ክትፎ ቃል ገብቼላታለሁ።

ስለዚህ ዓርብ፣ ጥቅምት 28። ደመወዝ ወጥቷል። በማግስቱ ሥራ የለም። የነቢያት ጾም ከመግባቱ በፊት ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

የት እንሂድ? ሐሳብ ሞልቷል።

ቦሌ ካሉት የባህል ምሽት ቤቶች፣ ከነዮድ አቢሲኒያና 2000 ሀበሻ፣ አንዱ ጋ እንሂድ የሚል ሐሳብ በብዛት መጣ። ክራሩ፣ ማሲንቆው፣ ዋሽንቱ፣ ከበሮው፣ የየብሔረሰቡ ጭፈራ፤ ያምራል። ግን ምሽቱ የሚደምቀው ከራት በኋላ ነው፤ እኛ ደግሞ ሦስት ሰዓት ላይ መነሳት አለብን። ልክ ሊሞቅ ሲል መውጣት ይሆናል።

እቴቴ አዝማሪ ቤት ይወዳሉ። በወጣትነታቸው ካዛንቺስ ያውቁ ነበር። ካዛንቺስ ግን በኮሪደር ልማቱ ብዙ ተለውጧል፤ ፈንድቃ የሚባለው አዝማሪ ቤትም ከቦታው ተነሥቷል። ሌላ ሰፈርም ቢሆን አዝማሪ ቤት የሚሞቀው እኛ ቤታችን ገብተን በተኛንበት ሰዓት ነው። ኦዲተሯና ጎረቤቴም መጠጥ የበዛበት ቤት ደስ አይላቸውም። ለአሥር ሰው የሚሆን ማታ ስናዘጋጅ፣ ሁለቱ ጥግ ይዘው ሰዓት እየቆጠሩ የሚያመሹበት ቦታ አንመርጥም።

እንጦጦ ፓርክ ውብ ነው፤ በጥቅምት ማታ ግን ብርዱ አያስቀምጥም፤ ቢሯችን ካለበት ከሜክሲኮም ሩቅ ነው። ሲኒማ እንግባ የተባለው ደግሞ እቴቴ የውጭ ፊልም ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

ቴአትር ያለችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። «እኔ እኮ ብሔራዊን በር በሩን እንጂ ውስጡን አይቼው አላውቅም» አለች። ከዚያ ማን ገብቶ ያውቃል ተባለ። ከአሥራችን አራቱ። ምሩቋ አዲስ አበባ ተወልዳ አድጋ አልገባችም። ሰባ ዓመት የሆነው ቴአትር ቤት ከቢሯችን በእግር የሚደረስ ነው!

ብሔራዊ ቴአትር። ማንም አልተቃወመም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ምሳ ሰዓት ላይ ብሔራዊ በር ድረስ ሄድኩ። ዓርብ 11፡30 የሚጀምር ቴአትር ተለጥፏል። ኮሜዲ ነው። በስልክ ከመጠየቅ በር ላይ ሄዶ ማየት ይሻላል፤ ፕሮግራም ሊለወጥ ይችላል። ሐሙስም አንዴ ሄጄ አያለሁ።

11፡30 ግን የእኛም መውጫ ሰዓት ነው። መፍትሔው ከዓርብ የምሳ ሰዓት መጣ። ዓርብ ለጁምዓ ሶላት ሲባል ምሳ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው። ከሌላው ቀን አንድ ሰዓት ይበልጣል። ለአለቃችን እንዲህ አልኳቸው፦ «ዓርብ ከምሳ ሰዓታችን ላይ ሠርተን እናካክሳለን፤ 10፡45 ላይ ልቀቁን።» ጎረቤቴ ጁምዓ ስላለባት ሐሙስ ቀድማ ትሠራለች። አለቃችን ፈቀዱ። «ለእቴቴ ከሆነ እኔም በሩን እከፍታለሁ» አሉ።

ጎረቤቴ ሌላ ጉዳይ አነሳች። የመግሪብ ሶላት 12 ሰዓት አልፎ ይገባል፤ እኛ ያኔ ቴአትር ውስጥ ነን። ቀጣዩ ሶላት፣ ዒሻ፣ እስኪገባ ያለው ጊዜ ረጅም አይደለም። «እኔ ልቅር» አለች መጀመሪያ። አትቀሪም አልኳት። መተላለፊያው ዳር ያሉትን ሁለት ወንበሮች ለእሷና ለእኔ እንይዛለን። ሰዓቱ ሲደርስ አብረን እንወጣለን። ስገጃዋን በቦርሳዋ ትይዛለች። የት እንደምትሰግድ ትኬት ስገዛ እጠይቃለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ገንዘብ። ለአንድ ሰው ትኬት፣ ራትና መመለሻ ሲደመር 1,300 ብር ገደማ ይመጣል። እኩል እናዋጣ ማለት ፍትሐዊ ይመስላል፤ ግን አይደለም። የገንዘብ ያዥዋና የጽዳት ሠራተኛዋ ደመወዝ እኩል አይደለም። እቴቴና አራሷ እንግዶቻችን ናቸው፤ አይከፍሉም። የቀረነው እንደ ደመወዛችን እናዋጣለን። አራታችን 2,500፣ ሁለቱ 1,500። ሁሉም በቴሌብር ለእኔ ብቻ ይልካል። ማን ስንት እንዳዋጣ ዝርዝሩ ግሩፕ ላይ አይወጣም። የሚወጣው ድምሩና ወጪው ነው።

ቡና የምታፈላልን ልጅና የጽዳት ሠራተኛዋ እንዳይከፍሉ ነበር ሐሳቤ። ሁለቱም እምቢ አሉ። «ዝም ብዬ ተጋብዤ አልሄድም» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ። ልክ ናት። የቻሉትን 300፣ 300 ላኩ።

ከዚያ በላይ ደግሞ የረዳችን የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ለእቴቴ ነጠላ ልንገዛ ነበር። እሷ ሽሮ ሜዳ ነው የምትኖረው፤ ሸማኔዎቹንና ሻጮቹን ታውቃለች። እኔ ብሄድ መንገድ ዳር ካለው ሱቅ በሻጩ ዋጋ እገዛ ነበር። እሷ ጥለቱን መርጣ፣ ፈትሉን በእጇ ዳስሳ፣ ተከራክራ አመጣችው። ከጠበቅነው በጣም ረከሰ። የነጠላው ገንዘብ ለብቻው የተዋጣ ነው፤ የተረፈው ወደ ምሽቱ በጀት ገባ።

ራት። ከብሔራዊ ብዙ የማይርቅ፣ በእግር የሚደረስ ቤት ያዝኩ። የመጀመሪያ ምርጫዬ የነበረው ሌላ ቤት ነው። እሱ ለአሥር ሰው ቦታ ለመያዝ የሙሉ ራቱን ዋጋ ቀድማችሁ ክፈሉ፣ ብትቀሩ አንመልስም አለ። ተውኩት። ሁለተኛው 1,000 ብር ቀብድ ተቀብሎ ደረሰኝ ሰጠኝ።

ዋጋ ሲጠየቅ መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ። «ታክስና ሰርቪስን ይጨምራል?» በያይነቱ 450 ብር ነው። ለአሥር ሰው 4,500። 10 በመቶ የአገልግሎት ሲጨመር 4,950። በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲመጣ 5,692 ብር ከ50 ሳንቲም። ሜኑው ላይ ካለው በ1,192 ብር ከ50 ይበልጣል። ይህ ቀድሞ ካልተሰላ፣ መጨረሻ ላይ ሂሳቡ መጥቶ ሁሉም ቦርሳውን የሚዳብስበት ደቂቃ ይመጣል። የእቴቴ ማታ እንደዚያ አይዘጋም።

የሚጠጣውን እያንዳንዷ ለብቻዋ ትከፍላለች። ቢራ የምትፈልግ ቢራ፣ አምቦ ውሃ የምትፈልግ አምቦ ውሃ። የማይጠጣ ሰው የጠጪን ሂሳብ አይከፍልም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ከጸሐፊዋ ጋር መንገዱን ማታ ሄድንበት። ቀን የሚታየውና ማታ የሚታየው መንገድ ይለያያል። ከቴአትር ቤቱ እስከ ራት ቤቱ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው አሥር ደቂቃ ነው። የእግረኛው መንገድ አብዛኛው ሰፊና ብርሃን ያለው ነው። አንድ ቦታ ግን በግንባታ ቆርቆሮ ታጥሮ ጠቧል፣ መብራትም የለውም። እዚያ ስንደርስ ወደ ማዶ እንሻገራለን። መሻገሪያውን ለየን።

ሚኒባሱ የት ይቁም? ብሔራዊ በር ላይ መቆም አይቻልም። የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ረጅሙ ሕንፃ ከየትም ይታያል፤ አልጠፋብኝም የሚባል ምልክት ነው። ግን እዚያም መኪና አያስቆሙም። ራት ቤቱ ግቢ አለው፤ ጥበቃውን አነጋግረን ሚኒባሱም ቪትዙም ውስጥ ገብተው እንዲጠብቁ ተስማማን። መኪናው እኛን ይጠብቃል እንጂ እኛ አስፋልት ዳር ቆመን መኪና አንጠብቅም።

ጫማን በተመለከተ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። ሂል ያማረው ይልበስ፣ ግን መንገዱ በእግር ነው። ጋቢም ሆነ ሹራብ ይያዝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ትኬቱን ቆረጥኩ። አንድ ረድፍ ላይ አሥር ወንበር፣ ሁለቱ ዳር ላይ። በር ላይ የምትፈትሸውን ሴት ስለ ሶላቱ አናገርኳት። «ስትወጡ እኔን ፈልጉኝ» አለችኝ። ምግብ ቤቱን ደወልኩ፤ ትሪው ሁለት ሰዓት ላይ ዝግጁ ይሁን አልኩ። ሹፌሩን ደወልኩ። ወንድምየውን ጎረቤቴ ደወለች። የአራሷ አማት የምትሰጠው ወተት ታልቦ ፍሪጅ ገብቷል።

ኬክ ይጨመር የሚል ሐሳብ መጣ። ዓርብ ስለሆነ የጾም ኬክ አዘዝን።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29፣ ጠዋት

አሥራችንም መጣን።

10፡45 ላይ አለቃችን እንዳሉት በሩን ከፈቱልን። ከሜክሲኮ በእግር ሄድን። እቴቴን መሀል አድርገን። ፊት ለፊቱ ባለው የድንጋይ አንበሳ ሥር ፎቶ ተነሣን። ሐውልቱ ከቴአትር ቤቱ ጋር እኩያ ነው፤ ቴአትር ቤቱ በ1948 ዓ.ም. ሲከፈት ጀምሮ እዚያው አለ። ቤቱ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ይባል ነበር። እቴቴ ተማሪ ሳሉ ከትምህርት ቤት ጋር አንድ ጊዜ መጥተው ነበር። «ወንበሩ ቀይ ነበር» እያሉ ገቡ።

የጽዳት ሠራተኛዋ መጋረጃው እስኪከፈት ጣሪያውን ስታይ ነበር። ቡና የምታፈላልን ልጅ ቆሎ ቆልታ በትናንሽ ከረጢት ይዛ መጥታለች፤ ከመግባታችን በፊት ውጭ ቆመን በላነው። ቴአትሩ ተጀመረ። እኛ ረድፍ ከሁሉም በላይ ይሳቃል። ገንዘብ ያዥዋ፣ በሥራ ቦታ ጥርሷ የማይታየው፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

መግሪብ ሲደርስ ጎረቤቴና እኔ ቀስ ብለን ወጣን። ፈታሿ ሴት ጠብቃናለች። ከደረጃው ጎን ያለች ንጹሕ ጥግ አሳየችን። ጎረቤቴ ውዱእዋን አድርጋ ስገጃዋን አነጠፈች። ፈታሿ መተላለፊያው ላይ ቆማ ሰው በዚያ እንዳያልፍ ጠበቀች። አንገቷ ላይ ማተብ አላት። ጎረቤቴ ስትጨርስ እጇን ይዛ አመሰገነቻት። ተመልሰን ስንገባ ምሩቋ ያመለጠንን በጆሯችን ነገረችን።

ከቴአትሩ ስንወጣ ጨልሟል። ሁለት ሁለት ሆነን ሄድን። የታጠረው ቦታ ላይ ተሻገርን። አንድ ሁለት ወጣቶች «እህቶች፣ ወዴት ነው?» ብለው ነበር። እቴቴ ዞር ብለው «ራት ልንበላ ነው ልጄ፣ አንተም ወደ ቤትህ ግባ» አሏቸው። ልጆቹ «እሺ እማማ» ብለው አለፉ።

ሁለቱ ትሪዎች ሲመጡ ወግ ቆመ። ሽሮው ገና ይንተከተካል። ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ቀይ ሥር፣ አዚፋ፣ መሀሉ ላይ ሱፍ ፍትፍት። ሁለት ትሪ ይሁን ያልኩት ሁሉም እጁ እንዲደርስ ነው። ጉርሻው ግን ከትሪ ትሪ ተሻገረ። አራሷ የጎረሰችውን ያህል ማንም አልጎረሰም። ሁሉም «አንቺ ብዪ፣ ታጠቢያለሽ» እያለ ያጎርሳታል።

መሀል ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ በስልክ መብራት በላን። በዚያ ጨለማ ውስጥ ነው እቴቴ ማውራት የጀመሩት። ሥራ የያዙት በ1979 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሰዓት እላፊ ነበር፤ ማምሸት የሚባል ነገር ለሴት ቀርቶ ለወንዱም አይታሰብም። ከዚያ በኋላ ልጆች መጡ። ከዚያ ባለቤታቸው ታመሙ፤ አስታመሙ፤ ቀበሩ። «በዚህ ሁሉ ዓመት ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ማታ ስወጣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ከእኛ መሀል ማንም አያውቅም ነበር። መብራቱ ሲመጣ ጸሐፊዋ ፊቷን በሶፍት እየጠረገች ነበር።

ነጠላውን አለበስናቸው። የመረጠችው ማን እንደሆነች ተናገርን። እቴቴ ተነሥተው የጽዳት ሠራተኛዋን ሦስት ጊዜ ሳሟት። ኬኩ ተቆረሰ። አራሷ ለልጇ እንዲሆን አንድ ቁራሽ ተጠቅልሎላት ያዘች፤ ገና ጥርስ የለውም፤ ማንም ግን አልከለከላትም።

ሂሳቡ መጣ፤ ያሰላነው ነው፤ ከኪስ የወጣ የለም።

ሦስት ሰዓት ላይ ሚኒባሱ ግቢ ውስጥ ሞተሩን አስነሣ። ቪትዙም ደርሷል። የጀሞው መኪና ትንሽ አስጠበቀን። የመጀመሪያው ሹፌር ደውሎ ጀሞ ሲባል «ሩቅ ነው» ብሎ ሰረዘው። ሁለተኛው መጣ። እስኪመጣ ግቢው ውስጥ ተቀምጠን ነበር፤ ስለዚህ ማንንም አላስጨነቀም። ሰሌዳውን ፎቶ አንሥቼ ግሩፕ ላይ ለጠፍኩ።

አራሷ 3፡25 ላይ ቤቷ ገባች። ሌሎቹም በየተራ «ገባሁ» ብለው ጻፉ። ምሩቋ ከአያት የላከችው ፎቶ ነው፦ እቴቴ አዲሱን ነጠላ እንደለበሱ ሻይ ሲቀዱላት።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ሂሳብ ዘጋሁ። ገቢና ወጪው ከነደረሰኙ ግሩፕ ላይ ወጥቷል። 510 ብር ተርፏል።

ለሚቀጥለው ጊዜ የሚስተካከሉ ነገሮች አሉ። ለጀሞው መስመርም ሚኒባስ በኮንትራት ይያዝ፤ በመተግበሪያ የጠሩት ሹፌር ሊሰርዝ ይችላል። ራቱ ግማሽ ሰዓት ቢቀድም ወግ ይበዛል። ቴአትር ሲመረጥ ርዝመቱ ይጠየቅ።

ቀጣዩ መቼ ይሁን ተባለ። ከኅዳር 15 ጀምሮ ነቢያት ነው። ከገና በኋላ ጥምቀት አለ። የካቲት ላይ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተቀራርበው ይገባሉ፤ ያኔ ማታው የየቤቱ ነው። የቀረው ከጥምቀት በኋላ ያለው የጥር አጋማሽ ነው። እቴቴ እስከዚያ ጡረታ ቢወጡም ይመጣሉ፤ ራሳቸው ነው ያሉት።

አዘጋጅ በዕጣ ይሁን ተባለ። ስማችንን በቁራጭ ወረቀት ጽፈን ቡና የምታፈላልን ልጅ አወጣች። ለጸሐፊዋ ደረሰ። የመስመሩን ካርታ፣ የሹፌሩን ስልክና 510 ብሩን ዛሬ ከምሳ በኋላ አስረክቤያታለሁ። ከእሷ የሰማሁት የመጀመሪያ ጥያቄ «የጥር አጋማሽ የጾም ወቅት ስላልሆነ ክትፎ ይሁን?» የሚል ነው። ከጎረቤቴ ጋር ተነጋገሪ አልኳት። አሁን ሁለቱ ዓሣ የሚሠራ ቤት እየፈለጉ ነው።